ለጫጩቶች የሚሆን ሙቀትና ብርሃን በድሬዳዋ

ድሬዳዋ የሙቀት አገር መሆኗን የማያውቅ የለም። በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ ሙቀቱ ወደ 35 ዲግሪ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ወደ ዛፍ ሥር ይጠጋል። ስለዚህ ጫጩት ለማሳደግ ያሰበች የቤት እመቤት፥ «በዚህ አገር ለጫጩት ምን ማሞቂያ ያስፈልጋል? ፀሐዩ ይበቃዋል» ብትል የሚፈርድባት አይኖርም። ነገር ግን ይህ አሳብ ብዙ ጊዜ ለኪሳራ የሚያበቃ ነው።

ለምሳሌ አንዲት እናት በታኅሣሥ ወር 50 የአንድ ቀን ጫጩቶች ገዝታ በካርቶን ውስጥ አኖረች እንበል። ጫጩቶቹ ቀኑን በደስታ ሲጭሩ ይውላሉ። ሌሊት ግን አየሩ ወደ 15 ዲግሪ ሲወርድ ብርዱን ሽሽት አንዱ በአንዱ ላይ ይደራረባል። በማለዳ ካርቶኑን ብትከፍተው ከሥር የነበሩት ታፍነው ሞተዋል። እርስዋም «በሽታ ገባብኝ» ትላለች፤ የገደላቸው ግን ብርድ ነው። ለልጆች የትምህርት ቤት ልብስና ደብተር መግዣ ይሆናል የተባለው ገንዘብም በአንድ ሌሊት ጠፋ ማለት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከእንቁላል የወጣ ጫጩት በለስላሳ ጠጕር የተሸፈነ ነው እንጂ ላባ የለውም፤ በመጀመሪያዎቹም ሳምንታት የሰውነቱን ሙቀት በራሱ ኃይል መጠበቅ አይችልም። እናቲቱ ዶሮ በክንፏ ሥር ሰብስባ ታሞቀዋለች፤ ሲፈልግ ይገባል፥ ሲሞቀው ይወጣል። ያለ እናት የተገዛ ጫጩት ግን ክንፉ የባለቤቱ ጥንቃቄ ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹ በሚቆሙበት ስፍራ ያለው ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሊሆን ይገባዋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሱ፥ ላባቸው እስኪሸፍናቸው ድረስ ወደ 21 ዲግሪ ማድረስ ነው። ቴርሞሜትሩም በግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የሚሰቀል ሳይሆን በጫጩቱ ጀርባ ልክ መቀመጥ አለበት፤ ከላይ ሞቃት የሆነ ክፍል ከወለሉ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላልና።

የሌላ አገር ምክርም እንዳለ አይወሰድም። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፥ ድሬዳዋ ግን 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ናት። በዚያ ቀንና ሌሊት የሚበራ አምፖል በዚህ በቀትር ቢበራ፥ በተለይም ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ቤት፥ ጫጩቶቹን በሙቀት ይፈጃቸዋል። በድሬዳዋ ማሞቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ሥራ ነው፤ የቀኑ ሥራ ግን ጥላ፥ ነፋስና ቀዝቃዛ ውሃ ማዘጋጀት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ጫጩቱ ሙቀቱን ራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ይህ ደንብ ለዶሮ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኝና የበቆሎ እባብ የሚባል መርዝ የሌለው እባብ አለ፤ ብዙ ሰዎችም በመስተዋት ሣጥን በቤታቸው ያኖሩታል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው የሚያገኝ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ጠባቂዎቹ የሣጥኑን አንድ ወገን ወደ 30 ዲግሪ ያሞቁና ሌላውን ወገን ወደ 24 ዲግሪ ይተዉለታል። እርሱም ሲበርደው ወደዚህ፥ ሲሞቀው ወደዚያ ይሄዳል። የጫጩትም ቤት እንዲሁ በአንድ ወገን የሚሞቅ፥ በሌላው ወገን ቀዝቀዝ ያለ መሆን ይገባዋል። ጭድ ወይም የእንጨት ፍቅፋቂ አንጥፎ ዙሪያውን በካርቶን ክብ አድርጎ ማጠር መልካም ነው፤ ማዕዘን ካለው ጫጩቶቹ እዚያ ተከማችተው ይተፋፈናሉ።

ቴርሞሜትር የሌለው ቤት ጫጩቶቹን ይመልከት። በመብራቱ ሥር ተጠጋግተው አጥብቀው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከመብራቱ ርቀው፥ አፋቸውን ከፍተው፥ ክንፋቸውን ዘርግተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ጎን ብቻ ከተከማቹ ነፋስ ይገባባቸዋል። በስፍራው ሁሉ ተበታትነው የሚበሉና የሚተኙ እንደ ሆነ ግን ሙቀቱ ልክ ነው።

ስለ አምፖሉም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የቀድሞው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል ከመቶው 90 እጅ የሚበልጠውን ወደ ሙቀት ስለሚለውጥ ያበራልም፥ ያሞቃልም። ዛሬ በየቤቱ ያለው ኤል ኢ ዲ አምፖል ግን ኤሌክትሪክ ይቆጥባል እንጂ ጫጩት አያሞቅም። ብርሃኑን አይቶ ሙቀት አለ ብሎ የተኛ ሰው ጧት ያዝናል። ስለዚህ ባለ ክር አምፖል ወይም ለማሞቂያ ተብሎ የተሠራውን መጠቀም፥ እርሱንም በጠንካራ ሽቦ ማሰር ያስፈልጋል፤ በጭዱ ላይ ቢወድቅ ቤት ያቃጥላል። አምፖሉን ወደ ላይ ከፍ በማድረግ ሙቀቱን መቀነስ፥ ዝቅ በማድረግም መጨመር ይቻላል።

ብርሃንም ራሱን የቻለ ጥቅም አለው። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጫጩቶቹ ምግባቸውንና ውሃቸውን እንዲለዩ በቀን 23 ሰዓት ያህል ብርሃን ይሰጣቸዋል። የቀረችው አንዲት ሰዓት ግን ጨለማ ትሁን፤ ጨለማን ያልለመደ ጫጩት መብራት በድንገት ሲጠፋ ደንግጦ ይደራረባልና። በዚያች በጨለማዋ ሰዓት ሌሊቱ ብርድ ከሆነ ሙቀት እንዳይጎድልባቸው ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት፥ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ፥ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ በመካከላቸው ማኖር ይረዳል። ዙሪያው በድርቆሽ የተሞላ የድርቆሽ ሣጥንም አለ፤ የጫጩቶቹን የራሳቸውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ያለ ኤሌክትሪክ ያገለግላል። ከሰል በምድጃ አንድዶ በተዘጋ ክፍል ማኖር ግን ፈጽሞ አይገባም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ጫጩቶቹን ብቻ ሳይሆን በክፍሉ የተኙትን ልጆች ጭምር ይገድላል።

እንግዲህ ጫጩት ያስገባች የቤት እመቤት ከመተኛትዋ በፊት አንድ ጊዜ፥ ከሌሊቱም እኩሌታ አንድ ጊዜ ተነሥታ ትያቸው። ጸጥ ብለው ተበታትነው ካገኘቻቸው፥ እርስዋም በሰላም ልትተኛ ትችላለች።