ልጅን ለትምህርት ወይስ ለንግድ?

ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ልጄን ለምን ሥራ ላሰናዳው ብሎ ማሰቡ የታወቀ ነው። ይህ አሳብ የኮንፉሽየስን ትምህርት በሚከተሉ የቻይና ቤተ ሰቦች ዘንድ ብዙ ዘመን የቆየ ክርክር ስለ ሆነ፤ ለአንባቢዎቻችን በጥቂቱ ልንገልጽ ወደድን።

በቀድሞው ሥርዓት የሰው ማዕርግ በአራት ይከፈል ነበር። ፊተኛው ሊቅ፤ ሁለተኛው ገበሬ፤ ሦስተኛው የእጅ ሥራ ዐዋቂ፤ የመጨረሻውም ነጋዴ ነው። ለሹመት የሚያበቃው የመንግሥት ፈተና ስለ ነበረ፤ አባት ገንዘቡን፤ ልጅም ጕልማሳነቱን ለመጽሐፍ ይሰጡ ነበር። ነገር ግን የሚያልፈው ጥቂት፤ ወድቆ የሚቀረው ብዙ ነበረ። ስለዚህ በሚንግ መንግሥት ዘመን አንዱን ልጅ ለትምህርት፤ ሌላውን ለንግድ መለየት በብዙ ቤት ተለመደ፤ የነጋዴው ትርፍ የተማሪውን ቀለብ ይችል ነበርና።

ይህን ክርክር በገዛ ሕይወቱ ያየው ጃንግ ጂያን የሚባል ሰው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 ተወልዶ፤ ብዙ ጊዜ ፈተና ከወደቀ በኋላ በ1894 በ41 ዓመቱ ከመላው አገር አንደኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ግን አባቱ ሞተበትና፤ እንደ ሃይማኖቱ ሥርዓት ኀዘን ሊቀመጥ ወደ ትውልድ ስፍራው ተመለሰ። በጦርነትም ቻይና በጃፓን ድል ተነሣች፤ በ1895 በተደረገው ውል የውጭ አገር ሰዎች በቻይና ወደቦች ፋብሪካ እንዲያቆሙ ተፈቀደ። ጃንግም ለአገሩ ተቈርቍሮ፤ ዕድሜውን ሙሉ የደከመበትን ሹመት ትቶ በናንቶንግ የጥጥ መፍተያ ሊያቆም ተነሣ። ባለገንዘቦች ገንዘባቸውን ስለ ሰሰቱበት፤ ለመንገዱ ወጪ በሻንግሃይ የእጅ ጽሕፈቱን እስከ መሸጥ ደረሰ። ፋብሪካው በ1899 ሥራ ጀመረ፤ በ1902 የመምህራን ትምህርት ቤት፤ በ1905 ቤተ መዘክር መሠረተ። በዚያው በ1905 የመንግሥት ፈተና ስለ ተሻረ፤ ተስፋቸውን ሁሉ በርሱ ላይ የጣሉ ቤተ ሰቦች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

በጃፓንም ሺቡሳዋ ኤይቺ በ1873 የገንዘብ ሚኒስቴር ሹመቱን ለቆ ባንክ ያዘ። እርሱም ኮንፉሽየስ የነቀፈው ያለ ጽድቅ የተገኘውን ትርፍ እንጂ ትርፍን ሁሉ አይደለም ብሎ አስተማረ። ደግሞም ከኮንፉሽየስ ደቀ መዛሙርት አንዱ ዚጎንግ ነጋዴ ነበረ።

ንግድም ቢሆን ያለ አደጋ አይደለም። የጃንግ ፋብሪካ በዕዳ ተይዞ በባንኮች እጅ ወደቀ፤ እርሱም በ1926 ሞተ። ቤተ መዘክሩ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ አባት ልጁን ሲመክር፤ የሥራውን ስም ሳይሆን ልጁ በሥራው ለሌላው ምን እንደሚተርፍ ቢጠይቅ ይሻላል እንላለን።