በአሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የናፍጣ ሞተር ስለ መግጠም



በጀጎል ግንብ ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደውን «መኪና ግርግር» የተባለውን ጠባብ መንገድ የማያውቅ የሐረር ልጅ አይገኝም። መንገዱ ይህን ስም ያገኘው በግራና በቀኝ ተደርድረው ልብስ ከሚሰፉት ሰዎች የስፌት መኪና ድምፅ የተነሣ ነው። እኔ ግን ሕፃን ሳለሁ በአጎቴ መኪና የተሰየመ ይመስለኝ ነበር፤ የስፌት መኪናዎቹ ሁሉ ድምፅ ቢደመር የአጎቴን መኪና አያህልም ነበርና። ዛሬ የማቀርብላችሁም ስለዚሁ መኪና፣ ይልቁንም ባለፈው ክረምት የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ የናፍጣ ሞተር ስለ ተተካበት ሥራና በሥራው ላይ ስለ ፈጸምነው አንድ ስሕተት ነው።

መኪናው ቶዮታ ላንድክሩዘር ኤፍ ጄ 45 የሚባለው ዐይነት ነው። ከኋላው ክፍት የጭነት ሣጥን አለው፤ ሲፈለግም አራቱ ጎማዎች ሁሉ በሞተር ኃይል ይዞራሉ። ፋብሪካው ይህን ዐይነት መተካት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ሆነ መኪናው ከእኔ ዕድሜ እጥፍ ይበልጣል። አጎቴ ከሐረማያ አካባቢ ድንችና ሽንኩርት እየጫነ ወደ ድሬዳዋ በማውረድ ቤተ ሰቡን ያስተዳድርበታል፤ የእኔም የደብተርና የጫማ ገንዘብ የሚገኘው ከዚሁ ነው።

የቀድሞው ሞተር 2 ኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የሆነ የቤንዚን ሞተር ነበር። ብርታቱን ማንም አይክደውም፤ ነገር ግን ቤንዚን ይጨልጣል። አጎቴ በየጉዞው በሚጽፍባት ደብተር ላይ እንደሚታየው ጭኖ ሲመላለስ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 22 ሊትር ያህል ይፈጅ ነበር። ስለዚህ መኪናው ይሸጥ ወይስ ሞተሩ ይለወጥ የሚለው ጉዳይ በቤታችን ብዙ ማታ ካከራከረ በኋላ አክስቴ «የሚታወቅ ጠላት ከማይታወቅ ወዳጅ ይሻላል፤ መኪናውን አትሽጠው» ስላለች ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

አሁን በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለውን ልዩነት በአጭሩ ልግለጽ። የቤንዚን ሞተር ቤንዚንንና አየርን ቀላቅሎ ይስብና ፒስተኑ ከጨመቀው በኋላ በካንዴላ ብልጭታ ያቀጣጥለዋል። የናፍጣ ሞተር ግን የሚስበው አየር ብቻ ነው። ያንን አየር እጅግ አጥብቆ ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ ነፍቶ የሚያውቅ ሁሉ የመንፊያው ጫፍ እንደሚሞቅ ያስታውሳል። የቤንዚኑ 2 ኤፍ አየሩን ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ሲጨምቀው፣ እኛ የገዛነው 2 ኤች የተባለው የናፍጣ ሞተር ግን ወደ አንድ ሃያኛ ገደማ ይጨምቀዋል። በዚያ ግለት ላይ ፖምፓው ናፍጣውን በኃይል ሲረጨው ያለ ምንም ብልጭታ በራሱ ይቀጣጠላል። ይህን የፈለሰፈው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ዲዝል ሲሆን፣ የመጀመሪያው የተሳካ ሞተሩ አውግስቡርግ በተባለ ከተማ የተፈተነው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ይኸውም የዓድዋ ጦርነት በተደረገ በዓመቱ፣ ልዑል ራስ መኮንን ሐረርን በሚገዙበት ዘመን መሆኑ ነው።

አጥብቆ መጨመቁ ከአንድ ሊትር የሚገኘውን ሥራ ያበዛዋል። በፈረስ ጉልበት ሲቈጠር የእኛ የናፍጣ ሞተር ከቀድሞው ያንሳል፤ ነገር ግን ከፍተኛውን የማዞር ኃይል የሚሰጠው በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ላይ ስለ ሆነ ለጭነትና ለዳገት ተስማሚ ነው። ሩጫን ለሚወድ ሰው አይመከርም፤ ድንች ደግሞ ሩጫ አይወድም።

ፋብሪካው ራሱ ያንኑ መኪና በቤንዚንም በናፍጣም ይሠራው ስለ ነበር የእኛ ሥራ ከብዙዎች ይልቅ ቀላል ነበር። አጎቴ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ከካምቢዮውና ኃይሉን ለአራቱ ጎማ ከሚያከፋፍለው ክፍል ጋር አብሮ ገዛው። ሞተር ብቻውን የሚገዛ ሰው ከካምቢዮው ጋር የሚያጋጥመውን ቤት፣ ፍሪሲዮኑንና ቮላኖውን እየለካ ሲያስቀጥልና ሲያስሞርድ ከገንዘቡ ይልቅ ዕድሜው ያልቃል። የሆነ ሆኖ ለእኛም ሥራው አላነሰንም። ሞተሩ የሚቀመጥባቸው እግሮች ተፈትተው በሌላ ስፍራ ተበየዱ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መረዘም ስለ ነበረበት ቶርኖ ቤት ተላከ። የናፍጣው ሞተር ስለሚከብድ ለፊተኛው ባሌስትራ አንድ አንድ ቅጠል ተጨመረ። የናፍጣ ፖምፓ የተረፈውን ናፍጣ ወደ ጋኑ ስለሚመልስ የመመለሻ ቱቦ ተዘረጋ፤ ውኃ ለፖምፓው መርዝ ስለ ሆነ ውኃን የሚለይ ፊልትሮም ተገጠመ። እኔም የክረምቱን ዕረፍት በሙሉ ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ ጋራዥ ቁልፍ እያቀበልሁ፣ ብሎን በናፍጣ እያጠብሁ አሳለፍሁት።

ከዚህ በኋላ ወደ ችግሩ መጣን። የገዛነው ሞተር የኤሌክትሪክ ዕቃው በ24 ቮልት የሚሠራ ሲሆን የመኪናችን መብራት፣ ክላክስና የዝናብ መጥረጊያ ግን በ12 ቮልት ነበር። መኪናውን በሙሉ ከመለወጥ የሞተሩን ዕቃ ወደ 12 ማውረድ ይሻላል ተባለ። ሞተሪኖው ተለወጠ። በጧት ብርድ ሲሊንደሮቹን የሚያሞቁት ስድስቱ ካንዴላዎችም ተለወጡ። በፊዚክስ ክፍል እንደ ተማርነው ኃይል በቮልቱ ካሬ ልክ ስለሚለወጥ፣ ለ24 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ በ12 ቮልት ቢሠራ የሚሰጠው ሙቀት ሩቡን ብቻ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ የሐረርን ጧት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋውም።

ዲናሞውን በለወጥንበት ቀን ዋናው መካኒክ ለቅሶ ሄደው ነበር። ረዳታቸውና እኔ የ24 ቮልቱን ዲናሞ ፈታንና የቀድሞውን የቤንዚን ሞተር ዲናሞ በተበየደ ብረት ይዘን ገጠምነው። የተፈታውን ወስጄ ከጠረጴዛ ሥር ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ። ሳነሣው ከጀርባው አንድ ክብ ነገርና የቱቦ መሰኪያዎች እንዳሉት አይቻለሁ፤ «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ግን አልጠየቅሁም። ደግሞም ከፍሬኑ የሚመጣ፣ ቀድሞ በቤንዚኑ ሞተር አየር መሳቢያ ላይ ተሰክቶ የነበረ አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ነበር። በአዲሱ ሞተር ላይ መሰኪያ ስላላገኘንለት ጫፉን በብሎን ደፈንነው። ረዳቱ «አቦ፣ ትርፍ ነው!» አለ፤ እኔም አመንሁ።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ የተሰማን ደስታ በጽሑፍ የሚገለጽ አይደለም። አጎቴ ባዶውን መኪና እስከ ሸዋ በር ነድቶ ተመለሰና «ፍሬኑ ጠጠር ብሏል» አለ። በዚያው ሰሞን የፍሬን ሸራዎቹ ሁሉ በአዲስ ተለውጠው ስለ ነበር ጥፋቱ በእነርሱ ላይ ተላከከ፤ «ሲለምድ ይለሰልሳል» ተባለ።

በሦስተኛው ቀን ሐረማያ ላይ ድንች ጭነን ወደ ድሬዳዋ ተጓዝን። ይህን መንገድ ለማያውቁ ጥቂት ልንገር። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ወደ ሐረር ሳይወጣ የቀረው በዚሁ ተራራ ምክንያት ነው። መንገዱ ደንገጎ ሲደርስ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል፤ በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላ ወገን ግድግዳ ነው።

በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ አጎቴ ፍሬን ሲረግጥ እግሩ እንደ ድንጋይ ላይ ቆመ። መኪናው ቀዝቀዝ አለ እንጂ አልቆመም። በሁለተኛው ጥምዝ ላይ በሁለት እግሩ ረገጠ፤ ከወንበሩ ብድግ ብሎ መሪውን ይዞ ሲገፋ የአንገቱ ጅማት ተገትሮ አየሁ። ወደ ዝቅተኛ ማርሽ አወረደና «የእጅ ፍሬኑን ሳብ!» ብሎ ጮኸብኝ። በሁለት እጄ ሳብሁት፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። መንገዱ ሰፋ ከሚልበት ቦታ ስንደርስ መኪናውን ወደ ግድግዳው ወገን አስጠግቶ በጠጠሩ ላይ አቆመው። እኔም ዘልዬ ወርጄ ለጎማው ታኮ አደረግሁ። ለብዙ ጊዜ አንዳችንም አልተናገርንም።

አጎቴ ለዋናው መካኒክ ስልክ ደወለ። እርሳቸውም ነገሩን ሰምተው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤ «የገጠማችሁት ዲናሞ ከጀርባው ፖምፓ አለው?» አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ከጠረጴዛ ሥር ያስቀመጥሁትን ክብ ነገር አስታወስሁና ያየሁትን ሁሉ ተናገርሁ። ድንቹ ወደ ሌላ መኪና ተገለበጠ፤ እኛም በዝግታ ዳገቱን ተመለስን።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ነጂው እግሩን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሣ በአየር መግቢያው ያለች አንዲት ክዳን ትዘጋለች። ፒስተኖቹ ግን መሳባቸውን አይተዉም፤ ስለዚህ ከክዳኗ በታች አየር እጅግ ይሳሳል። ያ ወፍራም ቱቦ ይህን ባዶነት ወደ ፍሬኑ ያደርሳል። በዚያም ትልቅ ድስት የሚመስል ዕቃ በውስጡ በጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሎ ተቀምጧል። ፍሬን ሲረገጥ በአንዱ ወገን የውጭው አየር ይገባል፣ በሌላው ወገን ባዶነቱ ይስባል፤ እነዚህ ሁለቱ ተባብረው የነጂውን እግር ያግዙታል። የናፍጣ ሞተር ግን ኃይሉ የሚለካው በሚረጨው ናፍጣ መጠን ስለ ሆነ በአየር መግቢያው ላይ እንደዚያ ያለች ክዳን አያስፈልገውም። ክዳን ከሌለ ባዶነት የለም፤ ባዶነት ከሌለ ረዳት የለም። ስለዚህም ፋብሪካው ከዲናሞው ጀርባ ባዶነትን የምትፈጥር ትንሽ ፖምፓ ያስቀምጣል። ፍሬናችን አልተበላሸም ነበር፤ ረዳቱን አጥቶ በአጎቴ እግር ብቻ ይሠራ ነበር።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር አለ። ብዙ ሰዎች የናፍጣ ሞተር ቁልቁለት ላይ በራሱ ይይዛል ይላሉ። እኔም እንደዚያ አምን ነበር። ነገር ግን የቤንዚኑ ሞተር የሚይዘው በአብዛኛው በዚያች በተዘጋች ክዳን ላይ ስለሚታገል ነው፤ የናፍጣው የጨመቀው አየር ግን እንደ ሞላ መልሶ ፒስተኑን ይገፋዋል። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች የጭስ ማውጫውን የሚዘጋ ልዩ ፍሬን የሚደረግላቸው ስለዚህ ነው። እኛም በአንድ ቀን ሁለት ረዳት አጥተን ነበር።

ባለ ፖምፓ የ12 ቮልት ዲናሞ ሐረርም ድሬዳዋም አልተገኘም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ከሶማሌ ተራ እስኪመጣ ድረስ መኪናው ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆመ፤ በነዚያ ሳምንታት በቤታችን ሥጋ አልተበላም። ፖምፓዋ ዘይት ስለምትፈልግ ዘይት የሚያመጣላትና የሚመልስላት ቱቦ ተዘረጋ፤ የደፈንነውም ወፍራም ቱቦ ብሎኑ ወጥቶ ተሰካላት። ዋናው መካኒክም ማንም ሰው በራሱ መኪና ሊያደርገው የሚችለውን ፈተና አሳዩኝ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፍሬኑን እስኪጠጥር ድረስ ደጋግሞ መርገጥ፤ ከዚያ እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት። የፍሬኑ መርገጫ ከእግር ሥር ጥቂት ዝቅ ካለ ረዳቱ ይሠራል፤ ካላለ መኪናውን ከግቢ ማውጣት አይገባም። ይህን ያደረግነው ቀድመን ቢሆን ኖሮ ሩብ ደቂቃ አይፈጅብንም ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ጭሱ ነበር። በእኛ ከተማ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ፖምፓው ግን ለዝቅተኛ አገር ተለክቶ ከሆነ የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው፤ ስለዚህ አየር ያጣው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። የፖምፓው መለኪያ ብሎን በጥቂቱ ሲመለስ ጭሱ ቀነሰ። ኃይሉም አብሮ ቀነሰ፤ አጎቴ ስለዚህ ትንሽ ቢያጉረመርምም የደብተሩ ቁጥር አጽናናው፤ አሁን በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ገደማ ነው። የሊትሩ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አልጽፈውም። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሞተር ቁጥርም ተመርምሮ ተለወጠ፤ ይህን ያላደረገ ሰው ለዓመቱ ምርመራ ሲቀርብ ይቸገራል።

አሮጌው የቤንዚን ሞተር አሁንም በግቢያችን ከግራር ሥር ተቀምጧል። የአክስቴ ዶሮዎች ይተኙበታል። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ካርቡራተሩን ሊገዛ መጥቶ ነበር፤ አጎቴ ግን «ከነሙሉው ካልወሰድኸው አልሸጥልህም» ብሎ መለሰው።