ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍና በድንገት ሲጠፋ፦ ወደ ጥገና ከመውሰድ በፊት ምን ማየት ይገባል?

ከአገሩ ርቆ ለሚሠራ ሰው ኮምፒውተር የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። የፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ የሥራ ውል፣ የትምህርት ማስረጃና ለዓመታት የተጠራቀመ የቤተሰብ ፎቶግራፍ የሚቀመጠው በእርሱ ውስጥ ነው። በመሆኑም መሣሪያው መንቀራፈፍ ወይም በሥራ መሐል በድንገት መጥፋት ሲጀምር ብዙ ባለቤቶች ከሁለት አንዱን ውሳኔ በችኮላ ይወስናሉ፦ አዲስ መግዛት፣ አለዚያም በአቅራቢያ ወዳለ ጥገና ቤት ወስዶ «ፎርማት ይደረግልኝ» ማለት። የመጀመሪያው ያለ በቂ ምክንያት የወራት ቁጠባ ሊያስወጣ ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ተመልሶ የማይገኝ ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል።

ከሁለቱም በፊት ትዕግሥትና ቅደም ተከተል ብቻ የሚጠይቁ ቀላል ምርመራዎች አሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ኮምፒውተር ግን በሽታውን የሚደብቅ መሣሪያ አይደለም። የሚያሰማው ድምፅ፣ የሚያወጣው ሙቀትና በስክሪኑ ላይ የሚጽፈው መልእክት ወደ መንስኤው ያመለክታሉ። ቁም ነገሩ ምልክቱን ማንበብ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ውጤቱን አይቶ ወደሚቀጥለው መሸጋገር ነው። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የነካካ ሰው ችግሩ ቢፈታለት በምን እንደተፈታ፣ ቢብስበትም በምን እንደባሰ ሊያውቅ አይችልም። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ነጥቦች በአብዛኛው ዊንዶውስ የተጫነባቸውን ኮምፒውተሮች ይመለከታሉ።

ከሁሉ አስቀድሞ ሰነድን ማዳን

ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈም ቢሆን እስከሠራ ድረስ የመጀመሪያው ሥራ አስፈላጊ ፋይሎችን ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀው ደንብ የአንድ ሰነድ 3 ቅጂ እንዲኖር፣ ቅጂዎቹ በ2 ዓይነት ማስቀመጫ እንዲያዙና 1ዱ ከቤት ውጭ እንዲቀመጥ ይመክራል። ይህም በተግባር አንዱ በኮምፒውተሩ፣ ሌላው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም በፍላሽ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማከማቻ ማለት ነው።

ከኮምፒውተሩ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ከተሰማ ሃርድ ዲስኩ ሊበላሽ እንደተቃረበ መጠርጠር ይገባል። በዚህ ጊዜ ሌላ ሙከራ ሁሉ ይቆይ፤ የሚገለበጠው ከተገለበጠ በኋላ መሣሪያውን ማጥፋት የተሻለ ነው። የሚሞት ዲስክን ደጋግሞ ማብራት የቀረውን ሰነድ ይዞ እንዲሄድ መርዳት ነው።

አጥፍቶ ማብራትና «ሪስታርት» አንድ አይደሉም

ብዙዎች ኮምፒውተራቸውን ማታ አጥፍተው ጠዋት ስለሚያበሩ በየቀኑ እንደ አዲስ የሚነሳ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባል አሠራር አለ። ይህ አሠራር ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የሥርዓቱን ዋና ክፍል በዲስክ ላይ አስቀምጦ በማግስቱ ያንኑ መልሶ ይጠቀማል። በዚህም ምክንያት የትናንቱ ስህተት ከዛሬው ጋር አብሮ ሊነሳ ይችላል። «ሪስታርት» የሚለውን ሲመርጡ ግን ሥርዓቱ በሙሉ ከመጀመሪያው ይነሳል። ለበርካታ ቀናት ሪስታርት ሳይደረግ የቆየ ኮምፒውተር አንዳንዴ በዚህ እርምጃ ብቻ ይስተካከላል።

ሸክሙ የት እንዳለ መለየት

ችግሩ ከቀጠለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች በአንድነት በመጫን «ታስክ ማናጀር» የተባለውን መስኮት መክፈት ይቻላል። በዚህ መስኮት ላይ ሦስት ዓምዶች በተለይ ሊታዩ ይገባል፦ ፕሮሰሰሩን የሚያሳየው «ሲፒዩ»፣ «ሚሞሪ» እና «ዲስክ»። ከባድ ሥራ ሳይሠራ ከሦስቱ አንዱ ለረዥም ጊዜ ወደ 100 በመቶ ተጠግቶ ከቆየ ሸክሙ ያለው እዚያ ነው። የዓምዱን ራስ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ሸክሙን የፈጠረው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል።

ሚሞሪ ወይም ራም እንደ ወጥ ቤት ጠረጴዛ፣ ዲስክ ደግሞ እንደ ጓዳ ሊታሰብ ይችላል። ጠረጴዛው ሰፊ ሲሆን የሚፈለገው ሁሉ በእጅ ይገኛል፤ ሲጠብ ግን ለእያንዳንዱ ዕቃ ወደ ጓዳ መመላለስ ግድ ይሆናል። 4 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው ኮምፒውተር በብራውዘር ብዙ ገጾች ሲከፈቱበት የሚንቀራፈፈው በዚህ ምክንያት ነው። የማይፈለጉ ገጾችን መዝጋት የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። በብዙ ኮምፒውተሮች ሚሞሪውን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ይቻላል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ሚሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ኮምፒውተሩ እንደበራ «ዲስክ» የሚለው ዓምድ ብዙ ደቂቃ 100 በመቶ ላይ የሚቆይ ከሆነ ሁለት ነገሮች ይታዩ። አንደኛው አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ብዛት ነው። በዚያው በታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርታፕ» በሚለው ክፍል የማያስፈልጉትን አብረው እንዳይነሱ ማድረግ ይቻላል፤ ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋውም። ሁለተኛው የዲስኩ ዓይነት ነው። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ «ሳታ» የሚባለው ዓይነት ኤስኤስዲ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ስለዚህ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መተካት አዲስ ከመግዛት እጅግ ባነሰ ወጪ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ እርምጃ ነው። ዲስኩ ሊሞላ የተቃረበ እንደሆነም ቪዲዮዎችን ወደ ኤክስተርናል ማዛወርና የማያገለግሉ ፕሮግራሞችን ማስወገድ ይገባል። «ዊንዶውስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን በእጅ መሰረዝ ግን ኮምፒውተሩን እንዳይነሳ ሊያደርገው ይችላል።

ሙቀትና አቧራ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የበጋው ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲደርስ፣ አቧራውም በመስኮት ሥር ሲገባ፣ ላፕቶፕም የድርሻውን ይቀበላል። ለምሳሌ አፕል ኩባንያ ላፕቶፖቹ ከ10 እስከ 35 ዲግሪ ባለው የአካባቢ ሙቀት እንዲሠራባቸው ይመክራል። ብዙ ፕሮሰሰሮች ውስጣዊ ሙቀታቸው ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሳቸውን ለመከላከል ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ካለፈም ኮምፒውተሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፋል። በመሆኑም ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት በኋላ የሚንቀራፈፍ፣ ወይም ቪዲዮ ሲታይበት ብቻ የሚጠፋ ላፕቶፕ በመጀመሪያ በሙቀት ሊጠረጠር ይገባል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ላፕቶፑ በአልጋና በብርድ ልብስ ላይ ሳይሆን በጠንካራ ነገር ላይ ይቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥም አይተው። አቧራውን ለማጽዳት ኮምፒውተሩ ጠፍቶና ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ለዚሁ በተዘጋጀ የታመቀ አየር የማራገቢያውን መተንፈሻዎች በአጫጭር ምት መንፋት ያስፈልጋል። ባትሪው ያበጠ እንደሆነ፣ ማለትም የመዳፊት ሰሌዳው ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ሽፋኑ መዝጋት እምቢ ካለ፣ ቻርጅ ማድረግን ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል መብሳትም ሆነ መጫን ፈጽሞ አይገባም።

በድንገት ሲቋረጥ

ሰማያዊ ስክሪን፣ በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ስሪቶች ደግሞ ጥቁር ስክሪን፣ ሲመጣ ከታች የሚጻፈውን የስህተት መለያ በስልክ ፎቶ ማንሳት ጠቃሚ ነው። ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ «ችግሩ ከመጀመሩ በፊት ምን ተለወጠ?» የሚለው ነው። አዲስ ፕሮግራም፣ አዲስ ማዘመኛ፣ አዲስ የተሰካ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሐምሌ 19 ቀን 2024) ክራውድስትራይክ የተባለ የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ በላከው የተሳሳተ ማዘመኛ ምክንያት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ተቋርጠው በበርካታ አገሮች በረራዎች ተስተጓጉለዋል። የኮምፒውተሮቹ አካል ግን ምንም አልሆነም ነበር፤ በብዙዎቹ ላይ መፍትሔው በ«ሴፍ ሞድ» ገብቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር።

ሴፍ ሞድ ዊንዶውስ እጅግ አስፈላጊ በሆኑት ክፍሎች ብቻ የሚነሳበት ሁኔታ ነው። የሺፍትን ቁልፍ እንደያዙ «ሪስታርት» የሚለውን በመጫን፣ ከሚመጡት ምርጫዎች «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ ቀጥሎም «ስታርታፕ ሴቲንግስ» የሚሉትን ተከትሎ 4 ቁጥርን በመምረጥ ይገባበታል። ኮምፒውተሩ በሴፍ ሞድ ደህና ከሠራ ችግሩ ከሶፍትዌር የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው፤ በቅርብ የተጫነውን ማስወገድም መጀመሪያ የሚሞከር እርምጃ ይሆናል። በሴፍ ሞድም የሚጠፋ ከሆነ ግን ሙቀት፣ ሚሞሪ ወይም ዲስክ ይጠረጠራል።

ከ«ረዳቶች» መጠንቀቅ

በኢንተርኔት ላይ ሳሉ «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፤ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ማስታወቂያ ቢመጣ ማታለያ ነው። የማይክሮሶፍት የስህተት መልእክቶች የስልክ ቁጥር አይዙም፤ ኩባንያውም ሳይጠየቅ ደውሎ ጥገና አይሰጥም። ገጹን መዝጋት፣ እምቢ ካለም በታስክ ማናጀር ብራውዘሩን ማቆም በቂ ነው። ለማያውቁት ሰው ኮምፒውተርን ከርቀት እንዲቆጣጠር መፍቀድ የባንክ ሒሳብን አሳልፎ እንደ መስጠት ይቆጠራል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማብቃቱም መታወስ አለበት። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ዊንዶውስ 11ን መሸከም መቻሉን፣ ማለትም ቢያንስ 4 ጊጋባይት ሚሞሪ፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና «ቲፒኤም 2.0» የተባለው የደህንነት ክፍል እንዳለው ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ወደ ባለሙያ መሄድ ሲገባ

ፈሳሽ የፈሰሰበት፣ ባትሪው ያበጠ፣ ዲስኩ የሚጮህ ወይም ጨርሶ የማይበራ ኮምፒውተር የባለሙያ እጅ ይፈልጋል። ከማስረከብ በፊት ግን በብራውዘሩ ላይ ከተከፈቱ የባንክና የኢሜይል ሒሳቦች መውጣት፣ ዋጋውን አስቀድሞ መስማማት፣ የሚለወጠው አሮጌ ዕቃ እንዲመለስ መጠየቅና ያለ ፈቃድ ፎርማት እንዳይደረግ በደረሰኙ ላይ ማጻፍ ይገባል። ሸክሙ የት እንደታየ፣ ምን እንደተሞከረና የስህተቱ መለያ ምን እንደሆነ ጽፎ የሚሄድ ደንበኛ የጥገናውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ለማያስፈልግ ዕቃም ገንዘብ አያወጣም።