በቤት ስለሚጋገር የቅቤ ዳቦና ስለ እህሉ ንጽሕና

ፈረንሳዮች ክሩዋሳን የሚሉት፥ የጨረቃ ቅርጽ ያለው የቅቤ ዳቦ በአዲስ አበባ ኬክ ቤቶች የታወቀ ነው። የዘሩ አገር ግን ኦስትሪያ ሲሆን፥ አውጉስት ዛንግ የተባለ ኦስትሪያዊ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ መጨረሻ በፓሪስ ዳቦ ቤት ከከፈተ ወዲህ በፈረንሳይ ተስፋፋ። ይህንን ዳቦ በሰቆጣ በቤታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመጋገር ለሚያስቡ አንባቢዎች አሠራሩን ከጤና አጠባበቅ ጋር አያይዘን ከዚህ በታች እንገልጻለን። አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይታወቅ፤ እሳት ብዙ ተሕዋስያንን ይገድላል፤ ነገር ግን ከእህሉ ጋር የገባውን መርዝ ፈጽሞ አያስወግድም፤ ዳቦው ከወጣ በኋላ በእጅና በዝንብ ከሚመጣው እድፍም አይጠብቅም።

ስለዚህ ሥራው ከሰፌድ ይጀምራል። ስንዴው ከገብስና ከሲናር ጋር ተቀላቅሎ ሊመጣ ስለሚችል፥ እንክርዳዱንና የሻገተውን ፍሬ ከመልቀም ጋር፥ ጥቁር፥ ከእህሉ ፍሬ የረዘመና የአይጥ ኩስ የሚመስል ነገር እንዳለበት አጥብቆ መመልከት ይገባል። ይህ ነገር ኤርጎት ይባላል፤ በእህሉ ራስ ላይ የሚበቅል የሻጋታ ወገን ነው። መርዙ የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ደም የተከለከሉት የእጅና የእግር ጣቶችም ይጠቁራሉ፤ በመጨረሻም ይቆረጣሉ፤ ነፍሰ ጡር ሴትንም ያስወርዳታል። በ1970 ዓ.ም. በወሎ ክፍለ ሀገር፥ ኤርጎት ያለበት ሲናር የተቀላቀለበትን እህል በበሉ ሰዎች ላይ ይኸው በሽታ ተነሥቶ፥ እግራቸውን ያጡ፥ የሞቱም ነበሩ። ዋግም በዚያን ዘመን የወሎ አውራጃ ነበረች።

የተጠረጠረውን እህል በአንድ ሊትር ውሃ 200 ግራም ያህል ጨው በተሟሟበት ውሃ ውስጥ ቢጨምሩት ጥቁሩ ፍሬ ይንሳፈፋል። የተንሳፈፈው ተጠልሎ ይቀበራል፤ የቀረው በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል። ጥቁሩ የበዛበት እህል ግን ለሰውም ለከብትም አይሰጥ።

ዱቄቱ ከተዘጋጀ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ጥፍርም ይቆረጥ። ለ500 ግራም የስንዴ ዱቄት 10 ግራም ጨው፥ 50 ግራም ስኳር፥ 5 ግራም ደረቅ የፋብሪካ እርሾና 300 ሚሊ ሊትር ያህል ፈልቶ የቀዘቀዘ ወተትና ውሃ ይበቃል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ስለዚህ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላልና እርሾው መብዛት የለበትም።

ቅቤው 250 ግራም ለጋ ቅቤ ይሁን። የተነጠረ ቅቤ አይሆንም፤ የዳቦውን ንብርብር የሚለያየው በለጋው ቅቤ ውስጥ ያለው ውሃ በእሳት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ነውና። ካልፈላ ወተት የወጣ ቅቤ የብሩሴሎሲስን ተሕዋስያን ሊይዝ ስለሚችል፥ ጥሬውን ሊጥ መቅመስም ሆነ በተጋገረው ዳቦ ላይ ለጋ ቅቤ መቀባት አይገባም።

ቅቤው ከቀለጠ ሊጡ ውስጥ ሰርጎ ንብርብሩ ይጠፋል። በዚህ ረገድ የደጋው የሌሊት ብርድ ይረዳናል። ሊጡና ቅቤው ተከድነው በብርድ ያድሩና፥ በማለዳ ቅቤው በተዳመጠው ሊጥ ተጠቅልሎ በንጹሕ ጠርሙስ ይዳመጣል፤ በሦስትም ይታጠፋል። በየመካከሉ ግማሽ ሰዓት እያረፈ ይኸው ሦስት ጊዜ ሲደገም 27 የቅቤ ንብርብር ይገኛል። ከዚያም በሦስት ማዕዘን ተቆርጦ ይጠቀለላል፤ ኩፍ እስኪልም በቀዝቃዛ ጥላ ይቆያል።

ምድጃው 200 ዲግሪ ያህል ግሎ ዳቦው 20 ደቂቃ ያህል ይጋገራል። ምድጃ የሌለው እንደ ድፎ ዳቦ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ፥ ከታች እሳት ከላይ ፍም አድርጎ ሊሞክር ይችላል። የከሰል ጋዝ ሳይታወቅ ይገድላልና በርና መስኮት ይከፈት።

የወጣው ዳቦ በታጠበ ጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ በዚያው ቀንም ይበላ። በመጀመሪያው ሙከራ ንብርብሩ ቢጣበቅ ዳቦው ይበላል፤ ጉዳት የለውም። ያልተለቀመ እህል ግን፥ ዳቦው የቱንም ያህል ቢያምር፥ ለቤተ ሰብ አይቅረብ። መምህራንም ጥቁሩን ፍሬ ለተማሪዎቻቸው ሥዕሉን በሰሌዳ ስለው ቢያሳዩ፥ ልጆቹ በየቤታቸው ከእናቶቻቸው ጋር እህል ሲለቅሙ ያውቁታል።