ልጅ ሲያስቀምጠው ውሃ አትከልክሉት

ልጅ ሲያስቀምጠው «ውሃ ያብስበታል» ብሎ የሚከለክል ሞልቷል። ልጁን የሚጎዳው ግን ከሰውነቱ የሚያልቀው ውሃና ጨው ነው። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ሲያለቅስም እንባ ካጣ፣ ውሃው እያለቀ ነው ማለት ነው።

ጤና ኬላ ሄዳችሁ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተቀበሉ። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ከዚያ አንዱን ፓኬት በሙሉ ፈልቶ በበረደ 1 ሊትር ውሃ በጥብጡ። ውስጡ ያለው ጨውና ስኳር ውሃው ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። በማንኪያ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ታግሳችሁ እንደገና ጀምሩ። 24 ሰዓት ያለፈውን ድፉት። ጡቱን ግን አታስጥሉት። የዚንክ እንክብል ከተሰጣችሁ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ጨርሱለት። «ግግ ነው» ብሎ ድዱን ማስቆረጥማ ቁስል መጨመር ነው!

ደም ከቀላቀለ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ አድርሱት።