ሰማንያ አንዱ መጻሕፍት እንዴት ሰማንያ አንድ ሆኑ?

ወደ ጅቡቲ ወደብ አራት ሣጥን መጻሕፍት መጡ እንበል። አንደኛው ከለንደን፣ ሁለተኛው ከሮም፣ ሦስተኛው ከኢየሩሳሌም በመርከብ የመጣ ነው፤ አራተኛው ግን ከአዲስ አበባ በባቡር የወረደ ነው። በአራቱም ላይ የተጻፈው ስም አንድ ነው፤ ቅዱሳት መጻሕፍት የሚል ነው። ነገር ግን የጉምሩኩ ሹም ሣጥኖቹን አስከፍቶ ዝርዝሩን ቢያመሳክር የለንደኑ 66፣ የሮሙ 73፣ የአይሁድ የሆነው የኢየሩሳሌሙ 24፣ የአዲስ አበባው 81 ሆኖ ያገኘዋል። የአይሁድ 24 መጻሕፍት በለንደኑ ሣጥን ውስጥ 39 ተብለው ከሚቈጠሩት የብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ጋር አንድ ናቸው፤ በዚህ ረገድ ልዩነቱ የአቈጣጠር ብቻ ነው። የቀሩት ግን በቍጥርም በይዘትም ይለያያሉ። እንግዲህ ሹሙ የትኛውን ሣጥን ጐደለ፣ የትኛውንስ ተረፈ ይበል?

ብዙ ሰዎች በጥንት ዘመን ሊቃውንት በአንድ ቀን ተሰብስበው፣ መጻሕፍቱን በፊታቸው ዘርግተው፣ ይህ ይግባ፣ ያ ይውጣ ብለው የወሰኑ ይመስላቸዋል። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኒቅያ ጉባኤ ነው። ነገር ግን በ325 ዓ.ም. የተደረገው ያ ጉባኤ ካወጣቸው 20 ቀኖናዎች መካከል የመጻሕፍትን ቍጥር የሚወስን አንድም የለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ስለ አይሁድም እንዲሁ በ90 ዓ.ም. ገደማ በያቭኔ ከተማ ጉባኤ ተደርጎ መጻሕፍቱ ተወሰኑ የሚለው ሐሳብ ሃይንሪሽ ግሬትስ የተባሉት የታሪክ ሊቅ በ1871 ያቀረቡት ግምት ነበር፤ ለብዙ ዘመን እንደ እውነት ሲነገር ቈይቶ ዛሬ ሊቃውንቱ ትተውታል። ቀኖና የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ በመጀመሪያ የመለኪያ ዘንግ ማለት ነው። ዘንጉም ዕቃው ሲለካ እየዋለ ቀስ በቀስ የተበጀ እንጂ አስቀድሞ የተዘጋጀ አልነበረም።

ወደ አገራችን ነገር የሚያደርሰን የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ አትናቴዎስ ታሪክ ነው። እኒህ አባት በ367 ስለ ፋሲካ በዓል በላኩት መልእክት የሐዲስ ኪዳንን መጻሕፍት ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ዛሬ በሚታወቁት በ27 ዘረዘሩ፤ ከዚያ በፊት በትክክል ይህን ቍጥር የያዘ ዝርዝር እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚሁ መልእክት በሄኖክ ስም የሚጠሩትን መጻሕፍት ምእመናን እንዳይቀበሉ አስጠነቀቁ። ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንላቸውን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርገው የሾሙትም እኒሁ አትናቴዎስ ናቸው። እንግዲህ የአክሱምን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያ ጳጳስ የቀባው እጅና መጽሐፈ ሄኖክን የከለከለው እጅ አንድ ነው። ሆኖም መጽሐፈ ሄኖክ ከነሙሉ አካሉ ተጠብቆ የቈየው በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? የአክሱም ተርጓሚዎች ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መጻሕፍቱን ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲመልሱ የነበሩት፣ የተዘጋ ዝርዝር በእጃቸው ይዘው ሳይሆን፣ በዘመኑ ክርስቲያኖች ዘንድ ይነበብ የነበረውን እየተቀበሉ ነው። ኦሪትና ታቦት የሚሉት ቃላት ከአራማይስጥ የመጡ መሆናቸው፣ በዚያ ሥራ ውስጥ የአይሁድ ትምህርት ያገኘው ሰው እጅ እንዳለበት ለብዙ ሊቃውንት ምልክት ሆኗቸዋል። ሥራው ምን ያህል የቈየ መሆኑን ለመረዳት በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ማሰብ ይበቃል፤ ብራናቸው በቤተ ሙከራ ተመርምሮ ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን ውስጥ ተገኝቷል። ሄኖክን በሚመለከት ደግሞ የይሁዳ መልእክት ከእርሱ ጠቅሶ ይናገራል። በሰሜን አፍሪካ የነበረው ጠርጡልያኖስ በ200 ዓ.ም. ገደማ ለሄኖክ ሲሟገት ያቀረበው አንዱ ማስረጃ ይህ ነበር። አውግስጢኖስ ግን ከእርሱ በኋላ ተነሥቶ አልተቀበለውም፤ ምዕራባውያንም አውግስጢኖስን ተከተሉ።

በአገራችን ነገሩ ከፍርድና ከእስራት የደረሰው በመካከለኛው ዘመን ነው። ምክንያቱም የቅዳሜ ሰንበት ነበረ። በሰራዬ ያስተምሩ የነበሩት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እሑድም እንደ ሰንበት ይከበሩ በማለታቸው ከአገር ተሰደው እስከ አርመን ደርሰው በ1352 ገደማ በዚያ ዐረፉ። ከእስክንድርያ የሚላኩት ጳጳሳት ቅዳሜን ማክበር የአይሁድ ልማድ ነው በማለት ደቀ መዛሙርታቸውን ክህነት ከለከሏቸው። እነርሱም በሰራዬና በሐማሴን ገዳማት እየመሠረቱ ጸኑ። ከእነዚህ አንዱ የደብረ ቢዘን አበምኔት አቡነ ፊልጶስ ነበሩ፤ በ1400 ገደማ ተይዘው ከጓደኞቻቸው ጋር በሐይቅ እስጢፋኖስ ታሰሩ። ዐፄ ዳዊት በ1404 አስፈትተው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱላቸው።

አስተዳዳሪ የሆነ አንባቢ የክርክሩን መሠረት ይመልከት። ሁለቱም ወገኖች ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሁለቱም ወንጌልን ይቀበላሉ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆች ግን ከአሥርቱ ቃላት ጋር የሐዋርያት ሲኖዶስን ይጠቅሱ ነበር፤ በሲኖዶስና በዲድስቅልያ የሁለቱም ቀኖች ክብር ተጽፏልና። ስለዚህ ሲኖዶስ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተቈጠረ ከሆነ ይፈረድላቸዋል፤ ካልሆነ ይፈረድባቸዋል። የመጻሕፍት ዝርዝር ጥያቄ ለሊቃውንት ብቻ የቀረ ነገር ሳይሆን፣ ማን ይሾም፣ ማን ይታሰር፣ ገበሬው በየትኛው ቀን ሞፈር ይስቀል የሚለውን የሚወስን ሕግ ሆነ።

ፍርዱን የሰጡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ናቸው። በ1450 በሸዋ በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ጳጳሳቱ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል የሁለቱን ሰንበታት ክብር ተቀበሉ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ታረቁ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ ቀደም ብለው በኢየሩሳሌም ለነበረው የኢትዮጵያውያን ማኅበር የሲኖዶስን መጽሐፍ ልከው ነበር። በመጽሐፈ ሚላድ ደግሞ ሄኖክን አንቀበልም ለሚሉት ሰዎች መልስ ሲሰጡ፣ ያለዚህ መጽሐፍ የበዓላትንና የአጽዋማትን ዘመን ማወቅ አይቻልም እያሉ ይሞግታሉ። ሄኖክ የፀሓይንና የጨረቃን መንገድ ይቈጥራል፤ የዓመቱንም ርዝመት 364 ቀን፣ ማለት ልክ 52 ሳምንት ያደርገዋል። ይህ ሒሳብ ዛሬ ከምንጠቀምበት ባሕረ ሐሳብ ጋር አንድ ባይሆንም፣ ንጉሡ መጽሐፉን የመረጡበት ምክንያት የሥራ ምክንያት መሆኑን ያሳያል።

በዚያው ዘመን ሮም ሌላ መንገድ ያዘች። በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን የተላኩ መነኮሳት በ1441 ወደ ፍሎረንስ ሄደው ከግብጻውያን ጋር በጉባኤው ተገኝተው ነበር። ጳጳስ አውጌንዮስ አራተኛ በየካቲት 1442 ለግብጻውያን ባወጡት የአንድነት ውሳኔ ውስጥ ቅዱሳት መጻሕፍት በየስማቸው ተዘርዝረዋል፤ ሄኖክና ኩፋሌ የሉበትም። የትሬንት ጉባኤ በ1546 ይህንኑ ዝርዝር አጸና። የሮም ሣጥን በዚህ ተዘጋ።

የኢትዮጵያ ሣጥን ግን የተዘጋው በድምሩ ነው እንጂ በዝርዝሩ አይደለም። ሕዝቡም ሊቁም 81 የሚለውን ቍጥር አጥብቆ ያውቃል። አስሳፊ ኢብን አልአሳል የተባሉት ግብጻዊ በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያዘጋጁትና በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በሁለተኛው አንቀጹ ስለ መጻሕፍቱ ይናገራል፤ ነገር ግን በስም የዘረዘራቸውን አንድ በአንድ ብንቈጥር 81 አይሞሉም። መምህራንም የጐደለውን በሁለት መንገድ ሞሉ። በአንደኛው መንገድ ብሉይ 46፣ ሐዲስ 35 ነው፤ 35 የሆነውም ከ27ቱ ላይ አራት የሲኖዶስ ክፍሎች፣ ሁለት የመጽሐፈ ኪዳን ክፍሎች፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ ተጨምረው ነው። በሁለተኛው መንገድ ሐዲስ 27 ብቻ ሆኖ፣ ብሉይን እየከፋፈሉ በመቍጠር 54 ያደርጉታል። ሮጀር ካውሊ የተባሉ እንግሊዛዊ በ1974 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱንም አቈጣጠሮች ጐን ለጐን አስቀምጠዋል።

ነጋዴ ይህን ሲሰማ ድምሩ ቀድሞ ተጽፎ ዝርዝሩ በኋላ የተፈለገበት መዝገብ ነው ብሎ ፈገግ ይል ይሆናል። የሚያስፈግግ ሌላም አለ፤ በሐዋርያት ስም የሚጠሩት ቀኖናዎች ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲዘረዝሩ በቀሌምንጦስ በኩል የተላለፉትን የራሳቸውን ሥርዐቶች ጭምር ይቈጥራሉ፤ ምስክሩ ስሙን በራሱ ምስክርነት ውስጥ አስገብቷል ማለት ነው። መቃብያንም አሉ። የኢትዮጵያ ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ግሪኮች በዚህ ስም ከሚያውቋቸው መጻሕፍት ጋር በስም እንጂ በታሪክ አይገናኙም። ስሙ በዝርዝር ተገኝቶ መጽሐፉ ባለመገኘቱ በአገር ውስጥ ተጽፎ ቦታውን ያዘ ብለው የሚገምቱ ሊቃውንት አሉ።

ይህን ሁሉ ግን እንደ ጕድለት አልቈጥረውም። ዝርዝሩ ቢላላም የሚነበበው መጽሐፍ አልላላም፤ በገዳማቱ የሚጸለይበት፣ በአንድምታ የሚተረጐመው፣ በፍርድ የሚጠቀሰው ሁሉ በሥራ ላይ እያለ ተጠበቀ። ድምሩ በመጽናቱ የሚወጣ መጽሐፍ አልነበረም፤ ዝርዝሩም በመስፋቱ የሚቃጠል አልነበረም።

ከክርስቲያኑ ጐን ደግሞ ቤተ እስራኤል አሉ። እነርሱም ቅዱስ መጽሐፋቸውን ኦሪት ይሉታል፤ የሚያነቡትም በዕብራይስጥ ሳይሆን በግእዝ፣ ክርስቲያኑ በሚያነበው በዚያው ትርጕም ነው። ኩፋሌንና ሄኖክን ያከብራሉ፤ ትእዛዘ ሰንበት የተባለ የራሳቸው መጽሐፍም አላቸው። በሌላው ዓለም ያለው አይሁድ ሕጉን የሚተረጕምበትን ታልሙድ ግን አያውቁም ነበር። የእስራኤል ሊቀ ካህናት ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 አይሁድ መሆናቸውን ቢያጸኑም፣ በ1984 እና 1985፣ ኋላም በ1991 በብዙ ሺህ እየተጓጓዙ እስራኤል ሲደርሱ፣ ቄሶቻቸው በግእዝ የሚያነቡት ኦሪት የአገሩ ራቢዎች ከሚፈርዱበት ሥርዐት ጋር ፊት ለፊት ተጋጠመ። ስግድ የተባለው በዓላቸው በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት ሕግ የአገሪቱ በዓል ሆኗል።

አውሮፓውያን ያጡትን መጽሐፍ ሊያገኙ የመጡት በእኛው በር ነው። ጄምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በ1769 በምጽዋ ወርዶ በሚቀጥለው ዓመት ጐንደር ገባ፤ በ1773 ወደ አውሮፓ ሲመለስ የሄኖክን የግእዝ መጽሐፍ በሦስት ቅጂ ይዞ ነበር። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ጀርመናዊው አውግስት ዲልማን በ1851 ግእዙን፣ በ1859 ደግሞ ኩፋሌን አሳተመ። በዚያ ዘመን አንዳንዶች መጽሐፉ በክርስትና ዘመን የተጻፈ ነው ይሉ ነበር። በሙት ባሕር አጠገብ በኩምራን አራተኛው ዋሻ በ1952 ከተገኙት ቍርጥራጮች መካከል የሄኖክ 11 የአራማይስጥ ቅጂዎች ቅሬታ ሲለይ፣ በዋሻዎቹም ውስጥ የኩፋሌ ዕብራይስጥ ሲገኝ፣ ኩፋሌም ሆነ አብዛኛው የሄኖክ ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ መሆናቸው ተረጋገጠ። ከዚያም ወዲህ ቍርጥራጮቹን ለማንበብ የሚፈልግ ሊቅ ሁሉ ሙሉውን ለማየት ወደ ግእዙ መመለስ ግድ ሆነበት።

ጅቡቲም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሟ ተጽፏል። በማርሴል ግሪዮል የተመራውና ዳካር-ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ጉዞ ከ1931 እስከ 1933 አፍሪካን ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ካቋረጠ በኋላ በዚህች ከተማ ተፈጸመ። ጓዙ ከጐንደርና ከአካባቢዋ ያገኛቸውን ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ይዞ ነበር፤ ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተነሡ ሥዕሎችም ነበሩበት። መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ከሰማንያ አንዱ የተቈጠረ መጽሐፍ ፓሪስ ሲደርስ የመደርደሪያ ቍጥር ተሰጠው። ተጠብቆ መቀመጡን አንክድም፤ ነገር ግን በቅዳሴ የሚነበበውንና በመስተዋት ውስጥ የሚታየውን አንድ ነገር ነው ለማለት ያስቸግራል።

በመጨረሻ የመጣው ማተሚያ ነው። ብራና ጸሐፊ እያንዳንዱን መጽሐፍ ለብቻው ስለሚጽፍና ስለሚጠርዝ የት ይጀመር፣ የት ያብቃ ብሎ አይጨነቅም ነበር፤ አታሚ ግን ሁሉን በአንድ ጥራዝ ስለሚያወጣ መወሰን አለበት። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ ከዕብራይስጥና ከግሪክ ተተርጕሞ በ1954 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በብዛት የታወቀው በ66 መጻሕፍት ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰማንያ አሐዱ የተባለውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. አወጣች፤ ሄኖክ፣ ኩፋሌና መቃብያን በዚያ ውስጥ አሉ። ሲኖዶስ፣ ዲድስቅልያ፣ መጽሐፈ ኪዳንና ቀሌምንጦስ ግን እንደ ብራናው ዘመን ለየብቻቸው የሚገኙ መጻሕፍት ናቸውና፣ ሐዲስን 35 ብሎ የሚቈጥር መምህር ዛሬም ሰማንያ አንዱን ለማሟላት ከአንድ መደርደሪያ በላይ መዘርጋት ይኖርበታል።