ወደ ጥልቅ ባሕር ስለ መጥለቅና ስለ መምህሩ አስፈላጊነት



ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በሚደርሰው ደን ውስጥ ቀፎ ለመስቀል ረዥም ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው፥ አወጣጡን ብቻ ሳይሆን አወራረዱንም ከአዋቂ ካልተማረ ማሩን ሳይቀምስ አደጋ ያገኘዋል። ዛሬ የምንናገርለት ሙያ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ይኸውም የታመቀ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ወደ ባሕር መጥለቅ ነው። በዚህ ሙያ መውረዱ ቀላል ሲሆን፥ የሚያስቸግረው መውጣቱ ነው።

«ይህ ለቡና አገር ሰው ምን ይጠቅመዋል?» የሚል አይታጣም። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም ቡናችን ወደ ውጭ የሚላከው በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ስለ ሆነ፥ ለሥራ ወደዚያ የወረደ ሰው የታጁራን ባሕረ ሰላጤ አይቶ ለመጥለቅ ቢመኝ አያስደንቅም።

እንግዲህ የአደጋው ምክንያት ምንድር ነው? ሰው በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ሲወርድ የውሃው ግፊት በዚያው መጠን ይጨምራል፤ በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ በባሕሩ ፊት ላይ ካለው አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህም ግፊት ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ በድንገት ሲከፈት እንዴት እንደሚፈላ ሁላችን አይተናል። ቸኩሎ የወጣ ጠላቂም በሰውነቱ ውስጥ እንዲሁ አረፋ ይፈጠርበታል፤ አረፋውም መገጣጠሚያን ያሳምማል፥ ሽባ ያደርጋል፥ ይገድላልም። ስኮትላንዳዊው ሊቅ ጆን ስኮት ሆልዴን በፍየሎች ላይ መርምሮ፥ ጠላቂ በየደረጃው እየቆመ እንዲወጣ የሚያስተምር ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1908 አወጣ።

ለመዝናናት የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር ነው። ከዚያ በታች የሚወርድ ግን የተለየ ትምህርት ያሻዋል። በጥልቅ ስፍራ ናይትሮጂን እንደ መጠጥ አእምሮን ስለሚያደነዝዝ፥ በከፊል በሂሊየም ይተካል። ንጹሕ ኦክሲጂንም ከ6 ሜትር በታች ቢተነፍሱት መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ሲሊንደር ማሳሳት ብቻውን ሕይወትን ያሳጣል።

ልምድ ያለው መምህር የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው። እርሱ ተማሪውን በዝቅተኛ ውሃ ውስጥ መነጽሩን ያስወልቀዋል፤ የአየሩን መክፈቻ ይዘጋበታል፤ ለጓደኛው አየር እንዲያካፍል ያለማምደዋል። ይህም ችግሩ በመጣ ጊዜ እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ከሁሉ በላይ ግን «ዛሬ አንጠልቅም» ማለትን ያስተምረዋል። ስለዚህ መምህር ስትመርጡ ምስክር ወረቀቱን ከመጠየቅ በተጨማሪ፥ ተማሪን ከውሃ መልሶ ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቁ።

ለእኛ ለከፍተኛ ቦታ ነዋሪዎች ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሚዛን ተፈሪ ከባሕር ወለል 1,450 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ስለዚህ ከባሕር የወጣ ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ መውጣቱን ገና አልጨረሰም። በየደረጃው መቆም የማያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ የጠለቀ 18 ሰዓት፥ በየደረጃው እየቆመ የወጣ ደግሞ አንድ ሙሉ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሳይቆይ አውሮፕላን አይሳፈር፤ ወደ ተራራም አይውጣ።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለዋል። በየብስ የተፈታ መታጠቂያ እንደገና ይታሰራል፤ በባሕር ውስጥ ግን ለዚያ ጊዜ የለም። እንግዲህ መጥለቅን የሚሻ ሁሉ አስቀድሞ መውጣትን ይማር።